ውሃው በረዶ እንዳይሆን

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው የሰው ቤት መስኮት ማጠብ ነው።

እማዋይሽ፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። ልጅሽ ሌላ ከተማ ሥራ ይዛ ከሄደች ወዲህ በቀን ስምንት ጊዜ እንደምትደውዪላት፣ እሷም አሁን አሁን ስልኩን ማንሳት እንደተወች ነገርሽኝ። ከዚያ «መምህር፣ የምጨነቀው ስለምወዳት አይደለም ወይ? ጭንቀት ፍቅር ካልሆነ ምንድን ነው?» አልሽኝ። በአንድ ቃል ብመልስልሽ ቅር ይልሻል እንጂ አይጠቅምሽም። መጀመሪያ የዚህን ሰው ነገር ስሚኝ።

ሰውየው የሚኖረው በአንድ ደጋ ከተማ ነበር። እዚያ አገር ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ፣ ውርጭ ይወርዳል። ሲነጋ ሣሩ ነጥቶ ይገኛል፤ ደጅ የተረሳ ባልዲ ውስጥ ያለው ውሃ በላዩ ስስ በረዶ ይይዛል። ፀሐይ ጠንከር ስትል ሁሉም ይቀልጥና ቀኑ እንደማንኛውም ቀን ይሆናል። ሌላው ሰው ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። መስኮት አጣቢው ግን ይቆጥረዋል። ቀደም ሲል ከአንድ ትልቅ ሕንፃ የተባረረው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ አንድ ማለዳ ያፈሰሰው ውሃ መስታወቱ ላይ በረዶ ሆኖ ረጋና ሕንፃው በሙሉ ዓይኑ የታወረ መሰለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የኅዳር ወር ሲገባ ሆዱ ይረበሽ ጀመር።

በዚያው ከተማ አንድ ባለጠጋ ነበር። ቤቱ ከዋናው መንገድ ዳር ሲሆን፣ በመንገዱ በኩል ከወገብ እስከ ጣሪያ የሚደርስ አንድ ትልቅ መስታወት ነበረው። ከመስታወቱ ጀርባ የባለጠጋው እናት ተኝተዋል። እግራቸው ከከዳቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ዓለምን የሚያዩት በዚያ መስኮት ብቻ ነው። መንገዱ አስፋልት የለውም። መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ተነስቶ መስታወቱን ያለብሰዋል። ባለጠጋው መስኮት አጣቢውን አስጠርቶ፣ ጠዋት ጠዋት እሱ ከቤት ከመውጣቱ በፊት መስኮቱ እንዲጸዳ አዘዘው። እናቴ ጨለማ ውስጥ እንዳይውሉብኝ አለው። ሰውየውም እሺ ብሎ ተቀበለ። በስንት ሰዓት ቢሆን ይሻላል ብሎ ማንንም አልጠየቀም።

የመጀመሪያው ቀን ማለዳ መሰላሉን አቁሞ፣ ጨርቁን ነክሮ መስታወቱ ላይ አሳለፈው። ውሃው ገና ሳይወርድ ነጣ፤ ከዚያ እንደ ቆዳ ተለጥፎ ቀረ። በጥፍሩ ቢፍቀው አልለቅ አለ። ባለጠጋው ወጣ፣ ቀና ብሎ አየ፣ ምንም ሳይናገር መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ። ተቆጥቶት ቢሆን ይሻለው ነበር። 

በማግስቱ ውሃው ላይ ጨው ጨመረ። ውሃው መርጋቱን ተወ፤ ሲደርቅ ግን መስታወቱን ነጭ አስመሰለው። በሦስተኛው ቀን አረቄ ጨመረበት። ይህኛው ትንሽ ሠራለት፤ ነገር ግን ሽታው ልብሱ ላይ ቀረና የቤቱ ሠራተኛ ይህ ሰውዬ በጠዋት መጠጣት ጀምሯል ብላ አወራች። ይህን ሲሰማ አረቄውን ተወ። ከዚያ ጀሪካኑን በጭድ ከበበው፣ በኬሻ ጠቀለለው፣ በመጨረሻም ከአልጋው ላይ ብርድ ልብሱን ገፎ አለበሰው። ሚስቱ ጋቢዋን ተከናንባ አየችውና፣

«ከእኔና ከውሃው የሚበርደው ማን ነው?» አለችው።

 እሱ እንደ ቀልድ ቆጥሮት የብርድ ልብሱን ጫፍ ጀሪካኑ ሥር ወተፈ። እሷ ግን አልቀለደችም።

እንዲህ እየሆነ አንድ ወር ሊሞላው ተቃረበ። እራት ሲበላ ተነስቶ ጣቱን ጀሪካኑ ውስጥ ይከታል። ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ካህኑ ጸበል ሲረጩ፣ ሌላው ሰው ፊቱን ሲሰጥ፣ እሱ ጠብታው መሬት ላይ ይረጋ እንደሆነ ያያል። ሥራው መስኮት ማጠብ መሆኑ ቀርቶ ውሃ መጠበቅ ሆነ።

አንድ ነገር ደግሞ ነበር፤ ይህን ልብ በዪልኝ። ማለዳ ማለዳ መሰላሉ ላይ ሲወጣ፣ አሮጊቷ ከውስጥ ሆነው እጃቸውን ያነሱና ወዲያና ወዲህ ያወዛውዙታል። እሱም «እዚህ ጋ ቆሻሻ ቀርቷል ማለታቸው ነው» ብሎ ያስባል። እሳቸው ባወዛወዙ ቁጥር እሱ ይበልጥ ይፈገፍጋል። እጃቸውን ሲያወርዱ፣ ተስፋ ቆረጡብኝ ብሎ ይደነግጣል። ወደ ክፍላቸው ገብቶ «ምን ፈለጉ?» ብሎ ለመጠየቅ ደፍሮ አያውቅም። መልሱን ከመስማት ይልቅ አለማወቁ ይቀለው ነበር።

አንድ ቀን ባለጠጋው ጠራውና፣ ነገ እህቱ ከሩቅ አገር እንደምትመጣ፣ እናቱ ለአምስት ዓመት እንዳላዩዋት፣ ከመኪና ስትወርድ በመስኮቱ ሊያዩዋት እንደተመኙ ነገረው። «ነገ እንኳ አደራ» አለው። 

በማግስቱ ማለዳ ከዚያ በፊት ያልታየ ውርጭ ወርዶ ነበር። ሰውየው ገና ሳይነጋ ተነስቶ እሳት አነደደ። ውሃውን ጣደ። ለብ ሲል ሊያወርደው እጁን ዘረጋና፣ እስክደርስ ይበርድብኛል ብሎ ተወው። ሲሞቅም ተወው። ሲፍለቀለቅ በጀሪካን ገልብጦ፣ በብርድ ልብሱ ጠቅልሎ፣ እየሮጠ ሄደ። መሰላሉ ላይ ወጣ። መስታወቱ በውርጭ ነጥቷል። በጆግ ቀድቶ ከላይ ለቀቀበት።

ድምፁ እንደ ጅራፍ ነበር። መስታወቱ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፤ የታችኛው ግማሽ ወደ ውስጥ ወደቀ።

ከመሰላሉ እንዴት እንደወረደ አያውቅም። በሩን ከፍቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚያ ክፍል ገባ። አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል፤ ብርድ ልብሳቸው በስብርባሪ ተሞልቷል፤ በክፍቱ በኩል የውርጩ ነፋስ በቀጥታ አልጋው ላይ ይነፍሳል። ገደልኳቸው ብሎ አሰበ። ከዚያ ካፖርቱን አወለቀና ክፍቱ ላይ ወጥሮ በሁለት እጁ ያዘ። ነፋሱ ጀርባው ላይ እንዲቀር በሰውነቱ ጭምር ሸፈነው። ተጎዱ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አልተጎዱም ነበር፤ የአንድ እጃቸው ጀርባ ብቻ ተጭሮ ትንሽ ደምቷል።

አሮጊቷ ዞረው አዩት።

«ልጄ፣ ወር ሙሉ እጄን ሳወዛውዝልህ አላየኸኝም?» አሉት።

«አይቻለሁ እማማ። የቀረ ቆሻሻ የሚያሳዩኝ መስሎኝ ነው።»

«ተው ማለቴ ነበር። ውርጩ ይለፍና ትመጣለህ፣ አሁን ግባና ሙቅ ማለቴ ነበር። በዚህ ማለዳ መንገዱ ላይ ማን ያልፋል? እኔ የማየው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። መሰላሉ ያንሸራትትህና ትወድቃለህ እያልኩ ስሰጋ ከረምኩ።»

ሰውየው ካፖርቱን እንደወጠረ አለቀሰ።

የሆነውን ልንገርሽ። መስታወቱ በዚያ ቀን ሊገኝ አልቻለም። ክፍቱ በጣውላ ተዘጋ። የባለጠጋው እህት ከሰዓት በኋላ ስትደርስ እናቲቱ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝተው የመኪናውን ድምፅ ብቻ ሰሙ፤ ስትወርድ አላዩዋትም። ያ የተመኙት ነገር ቀረባቸው፤ ማንም ሊመልስላቸው አልቻለም። ባለጠጋው ሰውየውን ሊያሰናብተው ፈልጎ ነበር፤ እናቱ ግን አይሆንም አሉ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ አዲሱ መስታወት ሲገጠም ሰውየው ረፋድ ላይ፣ በአራት ሰዓት መጣ። ቀድሞ በሩን አንኳኳ፣ ገባ፣ «እማማ፣ ዛሬ ልጠበው ወይስ ይቆይ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ አጠበው። ጨው የለው፣ አረቄ የለው፤ ፀሐይዋ ብቻ ነበረች። ፈጽሞ መስጋት ተወ አልልሽም። እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ኅዳር ሲገባ ሆዱ ይረበሽ ነበር ይባላል። ብርድ ልብሱን ግን ለሚስቱ መልሷል።

እንግዲህ እማዋይሽ፣ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። የሰውየው ጭንቀት የውሸት አልነበረም፤ እንቅልፍ አጥቷል፣ ብርድ ልብሱን ከአልጋው ላይ ገፏል። ሲጨነቅ የከረመው ግን ለውሃው ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ሰው ነበር፤ እጁን የሚያነሳ፣ የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው። አንቺም እንዲሁ ነሽ። በላሽ ወይ፣ በሩን ቆለፍሽ ወይ፣ ማን ጋ ዋልሽ እያልሽ ስምንቴ ስትደውዪ፣ የምትጠብቂው እሷን ሳይሆን፣ ሰውየው ውሃውን እንደጠበቀው፣ የራስሽን ፍርሃት ነው። እየፈላ ሲሄድ ደግሞ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ፍቅር ቢሆን ኖሮ አንድ ጊዜ እንኳ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ ይጠይቃት ነበር።

ልጅሽ ስልኩን ያላነሳችው ጠልታሽ እንደሆነ ወስነሻል። እኔ አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም። ዛሬ አንድ ጊዜ ብቻ ደውዪላት። ብታነሳ፣ በስንት ሰዓት ብደውል ደስ ይልሻል ብለሽ ጠይቂያት። ከዚያ ተናግራ እስክትጨርስ ዝም በዪ። ዝም ማለቱ ይከብድሻል፤ ሆድሽም ይረበሻል። ይረበሽ፤ አንቺ ግን ስሚያት።