ሞተሩ ካልተነሳ ጦይባ ሐይቁን አታይም

ጊዜ ያላችሁ ጠጋ በሉ። የማወራችሁ የአንዲት ትንሽ ምኞት ነገር ነው። ምኞቷ ትንሽ ናት፤ የዞረችው መንገድ ግን ረጅም ነው።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ይመር የሚባል ሰው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በየገጠሩ እየዞረ ከብት ሲከትብ ኖሮ ጡረታ የወጣ ነው። የሚዞረውም በአንድ አሮጌ ቀይ የጣሊያን ሞተር ሳይክል ነበር። ማታ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ለጦይባ የዋለበትን ያወራላታል። ከሁሉ አብዝቶ የሚያወራላት ከዳገቱ አናት ላይ ሐይቁ እንዴት ሆኖ እንደሚታይ ነበር። ጦይባ ሐይቁን ከዳር ሆና እንጂ ከላይ አይታው አታውቅም። አንድ ቀን ከኋላህ አስቀምጠህ አሳየኝ ትለዋለች። እሱም ለሳምንት ይላታል። ሳምንቱ ይመጣል፤ ይመር ይቸኩላል፤ ሳምንቱ ይሄዳል።

አንድ ቀን ጓደኛው ሸምሱ ሞተሩን ተውሶ ሄደና እየገፋ መለሰው። ይመር በጣም ተቆጣ። ሰበርክብኝ አለው። ሸምሱ አልሰበርኩም ቢል አልሰማውም። ሞተሩን ከጓሮ ግድግዳ ጋር አስደገፈው፤ ሸምሱንም ከልቡ አወጣው። ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። ዶሮ ወንበሩ ላይ እንቁላል ጣለች፤ ተርብ ጭስ ማውጫው ውስጥ ቤት ሠራ። ጦይባም መጠየቅ ተወች።

ዘንድሮ ታዲያ የጦይባ ዓይን ታመመ። ደሴ ያለው ሐኪም የዓይኗ ብርሃን ከዳር ከዳር እየጠበበ ይሄዳል፤ የጠፋው አይመለስም አላቸው። ቤት ሲመለሱ ጦይባ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች።

«ሳይጨልምብኝ ያን ሐይቅ ከላይ ባየው ደስ ይለኝ ነበር» አለች። ከዚያ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ይመር ጓሮ ወጣ። ጡረታው ለዓይን ጠብታው እንኳ አይበቃም፤ ስለዚህ የሚችለውን በእጁ ሠራ። የነዳጅ ታንከሩ ውስጥ ጠጠርና ላምባ ጨምሮ እየናጠ ዝገቱን አወጣ። ጎማውን ለጠፈ፤ ካንዴላውን ፈተገ፤ ተርቡን በጭስ አስወጣ። ማስነሻውን ረገጠ። ደግሞ ረገጠ። ሞተሩ ምንም አላለም።

ወደ መካኒኩ ወደ እንድሪስ ሄደ። እንድሪስ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየና ነዳጁን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ወርዶ መፈታት አለበት አለ። ይመር የሚከፍለው እንደሌለው ነገረው። እንድሪስ ጥሩ ልጅ ነው፤ ገንዘብ አልጠይቅዎትም ጋሼ አለው። ነገር ግን የጋራዡን ጣሪያ ነፋስ ገንጥሎበታል፤ መፍቻው ሁሉ ዝናብ እየመታው ነው። ቆርቆሮ ያምጡልኝና ሥራውን እኔ ልሥራ አለ።

ቆርቆሮ ካልተገኘ እንድሪስ አይሠራም፤ እንድሪስ ካልሠራ ሞተሩ አይነሳም፤ ሞተሩ ካልተነሳ ጦይባ ሐይቁን አታይም።

ይመር አናጢው ወንድይፍራው ዘንድ ሄደ። ወንድይፍራው የቤቱን ጣሪያ ቀይሮ አሮጌውን ቆርቆሮ አጥር ሥር ቆልሎታል። ቆርቆሮውን ውሰድ፤ እኔ ግን የወጥ ቤቴ ግድግዳ አጠና አጥሮት ቆሟል፤ አጠና አምጣልኝ አለው። አናጢ ነው፤ ነገር አያበዛም።

አጠና ካልመጣ ወንድይፍራው ቆርቆሮውን አይሰጥም፤ ቆርቆሮ ካልተገኘ እንድሪስ አይሠራም፤ እንድሪስ ካልሠራ ሞተሩ አይነሳም፤ ሞተሩ ካልተነሳ ጦይባ ሐይቁን አታይም።

በዚያ ሰሞን ጦይባ ውሃ ስትቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ማፍሰስ ጀምራ ነበር። ይመር አይቶ እንዳላየ ሆነ። በማግስቱ በእግሩ ገጠር ወጣ። ድሮ በሞተር ሽው ብሎ የሚያልፈው መንገድ አሁን ጉልበቱን ፈተነው።

ዳገቱ ሥር ባሕር ዛፍ ያለው አሊ የሚባል ገበሬ አለ። ይመር በሬዎቹን ስንቴ ከትቦለታል። አሊ ጥላ ሥር አስቀምጦ ውሃ ሰጠውና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ እንዲህ አለ።

«ያን ሁሉ ዓመት በዚህ ስታልፍ ና ውሃ ጠጣ ብዬህ አንድ ቀን ሞተርህን አላቆምክም። ዛሬ ገና ተቀመጥክ።»

አሊ ግን ቂም የያዘ ሰው አልነበረም። አጠናው ተቆርጦ ተከምሯል፤ የምትፈልገውን ውሰድ፤ የኔንም ድርሻ መንገድ ዳር አድርስልኝ፤ አህያዬ ሞታለች እኔም ወገቤን ታምሜአለሁ አለው። አዝመራ የሚሰበሰብበት ወር ስለሆነ የሰው አህያ ሁሉ እህል ላይ ነው። ሥራ የፈታች አህያ ያለችው ሐዋ ቤት ብቻ ነች አለው።

ሐዋ የሸምሱ ሚስት ናት። ሸምሱ ከሞተ ሁለት ክረምት አልፏል። ይመር ለቅሶ አልደረሰም። መጀመሪያ ቁጣው አስቀረው፤ ኋላ ደግሞ እፍረቱ።

አህያ ካልተገኘች አጠናው አይጫንም፤ አጠናው ካልመጣ ወንድይፍራው ቆርቆሮውን አይሰጥም፤ ቆርቆሮ ካልተገኘ እንድሪስ አይሠራም፤ እንድሪስ ካልሠራ ሞተሩ አይነሳም፤ ሞተሩ ካልተነሳ ጦይባ ሐይቁን አታይም። ይመር ይህን እያሰበ ሐዋ አጥር ድረስ ሄደ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ።

ሐዋ በሩ ላይ ቆማ አገኘችው። ይመር ስለ አጠናው፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ጦይባ ዓይን አንድ በአንድ ነገራት።

«አህያዋ ያቻት» አለች። «ለአህያ ብሎ የመጣን ሰው ግን አላስገባም። ሸምሱ ሲሞት ከተማው ሁሉ በዚህ በር ገብቷል። የቀረኸው አንተ ነህ። መጀመሪያ ለቅሶህን ድረስ።»

ለቅሶው ካልተደረሰ አህያዋ አትፈታም፤ አህያዋ ካልተፈታች አጠናው አይጫንም፤ አጠናው ካልመጣ ወንድይፍራው ቆርቆሮውን አይሰጥም፤ ቆርቆሮ ካልተገኘ እንድሪስ አይሠራም፤ እንድሪስ ካልሠራ ሞተሩ አይነሳም፤ ሞተሩ ካልተነሳ ጦይባ ሐይቁን አታይም።

ይመር ጫማውን አውልቆ ገባ። ሐዋ ምንጣፍ ዘረጋችለት። አላህ ያጽናሽ ብሏት ተቀመጠ። ሐዋም ስለ ሸምሱ ታወራለት ጀመር።

«በመጨረሻው ሰሞን በር በተንኳኳ ቁጥር ይመር ነው? ይለኝ ነበር። አይደለም ማለት ሲከብደኝ ነፋስ ነው እለው ነበር።»

ያኔ ይመር አለቀሰ። ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ የሁለት ክረምቱን ለቅሶ በአንድ ቀን አለቀሰ። ሐዋም አብራው አለቀሰች። ይመር ከቤቷ ሲወጣ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። የአህያዋን ገመድ ሐዋ ራሷ ፈትታ እጁ ላይ አስያዘችው። ጦይባን ሰላም በልልኝ አለችው።

እንግዲህ ለቅሶው ተደረሰና አህያዋ ተፈታች፤ አህያዋ ተፈታችና አጠናው ተጫነ፤ አጠናው መጣና ወንድይፍራው ቆርቆሮውን ሰጠ፤ ቆርቆሮው ተገኘና እንድሪስ እጅጌውን ሰበሰበ።

እንድሪስ ካርቡሬተሩን ፈትቶ በቤንዚን አጠበው፤ ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ ጠረገው፤ በአፉ እፍ አለበት። ከውስጡ የወጣውን መዳፉ ላይ አድርጎ ለይመር አሳየው። ቀይ የዝገት ዱቄት ነው። ሰው የሰበረው ነገር የለም፤ ዝገት ከታንከሩ ወርዶ ነው የዘጋው፤ ያኔ ቢጠረግ ኖሮ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር አለው።

ይመር ዱቄቱን ሲያይ ቆየ። የሸምሱ «አልሰበርኩም» ማለት ጆሮው ላይ መጣ። ይቅርታ የሚጠየቀው ሰው የለም። ማስነሻውን ረገጠ። ሞተሩ አንዴ አሳለ፤ ሁለተኛ ሲረገጥ ተነሳ።

ጦይባ ድምፁን ሰምታ ነጠላዋን እያደገደገች ወጣች። በዚያ ጊዜ የግራ ዓይኗ ጠፍቷል። ቀኙም የሚያየው በበር ቀዳዳ እንደሚያዩት ያህል ብቻ ነው። ይመር እጇን ይዞ ከኋላው አስቀመጣት። ወገቡን በሁለት እጇ ያዘች። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ እንዲህ ይዛው አታውቅም።

ዳገቱን ወጡ። አናቱ ላይ ሲደርሱ ይመር ሞተሩን አጠፋና ፊቷን ወደ ውሃው አዞረላት። ጦይባ ሙሉውን በአንዴ ማየት አልቻለችም። አንገቷን ቀስ አድርጋ እያዞረች ቁራሽ በቁራሽ አየችው። መጀመሪያ ውሃው ዳር የበቀለውን ደንገል፣ ቀጥሎ አንዲት ታንኳ፣ ቀጥሎ ማዶ ያለውን ተራራ። ይመር እያንዳንዱን ሲነግራት፣ ያን ሁሉ ዓመት ሲያልፍ ልብ ብሎ ያላየው ብዙ ነገር እንዳለ ገባው።

«እንዳወራኸኝ ነው» አለችው። «እንዲያውም ይበልጣል።»

ይመር ይቅር በይኝ አላት። ስለ ምኑ እንደሆነ አልጠየቀችውም፤ እጁን ፈልጋ ያዘች እንጂ። ሊመሽ ሲል ሞተሩን አስነስቶ ቁልቁለቱን ጀመረ። የእጁ ልማድ ሆኖበት ነዳጁን ሰጠው፤ ሞተሩም ፈጠነ። ጦይባ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ቀስ በል፣ ይመር። ከዘገየን ቆየን፤ አሁን ምን ያስቸኩለናል?»

ይመርም ነዳጁን ቀነሰ። ብስክሌት አለፋቸው፤ የጫነች አህያም ልታልፋቸው ምንም አልቀራት፤ እነሱ ግን ቀስ ብለው ወረዱ።