ይባዛልኝ ያለው ጅብ

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ ገደል ገብቶ የሞተ በሬ አገኘ። ክረምቱ ከብዶ ልጆቹ ዋሻ ውስጥ በረሃብ ተኝተው ነበርና እንደ ልማዱ እዚያው አልዘነጠለውም፤ ምራቁን እየዋጠ ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ጎተተው። ከጅብ ይህን መጠበቅ ከባድ ነው፤ እሱ ግን ቻለው።

የዚያ አገር ደንብ ላገኘ እኩሌታውን፣ ጎትቶ ላወጣ ሲሶውን፣ የተረፈውን ደግሞ ለአከፋፋይ ይሰጥ ነበር። አንዱ የሌላውን ጥርስ ስለማያምን የራሱን ሥጋ ራሱ የሚያከፋፍል አልነበረም። አከፋፋይዋ እመት ቀበሮ ናት፤ ማንም ሳይጠራት ቢላዋዋን ይዛ ደረሰች።

«አያ ጅቦ፣ ያገኙትም የጎተቱትም እርስዎ ነዎት፤ ሁለት ድርሻ አለዎት። ልደምርልዎ ወይስ ላባዛልዎ?» አለችው።

ጅቦ አሰበ። እኩሌታ የሁለት፣ ሲሶ የሦስት ነገር መሆኑን ያውቃል፤ ሁለትና ሦስት ሲደመር አምስት፣ ሲባዛ ግን ስድስት እንደሚሆንም ከሆነ ቦታ ሰምቷል። እንዲህ ያለውን ዕድል ቀበሮ ራሷ ስታቀርብለት ደግነቷ ገረመው።

«ይባዛልኝ» አለ።

ቀበሮ ሥጋውን ለሦስት እኩል መደበች፤ አንዱን መደብ ለሁለት ከፈለችና ግማሹን ሰጠችው። እኩሌታ በሲሶ ሲባዛ የሲሶ እኩሌታ ነው፤ በዚህስ አልዋሸችም። ጅቦ አመስግኖ ሄደ።

ሚስቱ ያመጣውን አየችና ልጆቹ እንዳይነኩት ከለከለች። እንዴት እንደተከፈለ ስትጠይቀው በኩራት ነገራት። ሥጋውን መልሳ አሸከመችው፤ ልጆቹንም አስከትላ አብራው ወደ ቀበሮ ሄደች። መንገድ ላይ «ይደመርልኝ» ማለትን ብቻ አስጠናችው።

ጅቦ እንደተባለው አለ። ቀበሮ አልደነገጠችም። «እኩሌታ ከሁለት አንድ፣ ሲሶ ከሦስት አንድ ነው፤ አንድና አንድ ሁለት፣ ሁለትና ሦስት አምስት፤ ስለዚህ ድርሻዎ ከአምስት መደብ ሁለቱ ነው» አለችው። ከቅድሙ ስለበለጠ ጅቦ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ሚስቱ ግን አልነቀነቀችም። «እመት ቀበሮ፣ ስላገኘ ብቻ እኩሌታው ይገባው ነበር። የጎተተበት ሲጨመር ከእኩሌታ አነሰ። እንግዲያው በሬውን ገደል ይመልሰውና ሳይጎትት እንካፈል» አለች።

ቀበሮ ቢላዋዋን መጥረግ ጀመረች።

ሚስትየው ስድስት ቅጠል አነጠፈችና ሥጋውን እኩል እኩል መደበችበት፤ ስድስት ለሁለትም ለሦስትም ሳይተርፍ ይካፈላልና። እኩሌታው ሦስት መደብ ሆነ፤ ሲሶው ሁለት። ልጆቹ በደከመ ድምፅ እስከ አምስት ቆጠሩ። ጅቦ ይህን ሲሰማ የልጆቹን ጉሮሮ ዘግቶ ሲያመሰግን እንደነበር ገና አሁን ገባውና አፈረ።

ለአከፋፋይ አንድ መደብ ተረፈ። ቀበሮ መደቧን ትኩር ብላ አየችና አነሰ ልትል አፏን ከፈተች።

«ካነሰዎ ይባዛልዎ» አላት ጅቦ።

«ይበቃኛል» አለች ቀበሮ፤ መደቧን አንጠልጥላም ሄደች።

ከዚህ የምንማረው የተለያዩ ድርሻዎችን መደባቸውን ሳያስተካክል የሚደምር አከፋፋይ የሚጠግበው መደብ ማስተካከል የሚያውቅ እስኪመጣ ድረስ ብቻ መሆኑን ነው።