አልፈላም ያለው ድስት

ተረት ተረት! «የላም በረት» ልትሉኝ ነው? ተዉት፤ ዛሬ ላሟም በረቷም የሉም። ዛሬ ያለው ድስት ነው። ገደል አፋፍ ላይ ባለች ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ጎኑ የጠቆረ፣ ሆዱ የሰፋ፣ የልጆች ሁሉ ምሳ የሚበስልበት ድስት።

የድስቱ እመቤት እትዬ የውብዳር ናቸው፤ እጃቸው የሚጣፍጥ፣ አፋቸው የሚኮመጥጥ። የልጆቹን ንፍሮ ሁልጊዜ በዓይናቸው ገምተው ይቀቅሉ ነበር። በዚያ አገር ከብትም ልጅም በጣት አይቆጠርም፤ የተቆጠረ ይጎድላል ይባላል። አንድ ሰኞ ግን አዲስ የምግብ ዕቅድ መጣላቸው፦ ስንዴ ለጉልበት፣ ባቄላ ለሥጋ፣ ካሮት ለዓይን፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጭልፋ፣ ሳይበልጥ ሳያንስ። ዕቅዱ ደግ ነበር፤ ማን ክፉ ነው አለ? እትዬ የውብዳር ግን ልኩን እንዳይስቱ ብለው በሩ ላይ ቆሙና ልጆቹን በጣታቸው እየቆጠሩ ሳህን አደሉ።

ሳህኑ አለቀ፣ አንዲት ልጅ ተረፈች። ከሰልፉ መጨረሻ የቆመች፣ ፀጉሯ የረጠበ፣ ማንም ስሟን የማያውቃት ትንሽ ልጅ።

«አንቺ ትርፍ ነሽ፤ ነገ ነይ» አሏት።

ልጅቷ ዞር ብላ ደጁን ወደ ሸፈነው ጉም ገባች። ውጭው ጭቃ ነበር፤ ጭቃው ላይ ግን ዱካ አልነበረም። ወዲያው እሳቱ ጭል ጭል አለና ሟሸሸ፣ ድስቱም ዝም አለ። እትዬ የውብዳር ዓይናቸው እስኪያለቅስ እፍ ቢሉ፣ እፍ ቢሉ፣ ምንም።

ከልጆቹ መካከል ብርቄ የምትባል ነበረች። የብርቄ ምሳ ቁርሷም ራቷም ነው፤ ከትናንት ምሳ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። ወደ ድስቱ ተጠጋች።

«ድስት፣ ድስት፣ ፍላልኝ። ራበኝ።»

«አልፈላም፤ እሳቱ አያሞቀኝም» አለ ድስቱ። ድስት አይናገርም የሚል ካለ፣ ርቦት አያውቅም ማለት ነው።

ብርቄ ጎንበስ አለች። «እሳት፣ እሳት፣ ንደድልኝ። ድስት አልፈላም አለ፣ እኔንም ራበኝ።»

«አልነድም፤ እንጨቱ እርጥብ ነው» አለ እሳቱ። ይህን ሲል ነበልባሉ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ በሩ ያይ ነበር።

ብርቄ ወጣች። እንጨቱ ከግድግዳው ሥር ተከምሮ፣ ትኩሳት እንዳለበት ሰው ያልበዋል። «እንጨት፣ እንጨት፣ ድረቅልኝ። እሳት አልነድም አለ፣ ድስት አልፈላም አለ፣ እኔንም ራበኝ።»

«አልደርቅም፤ ፀሐይ አትነካኝም።»

ብርቄ ቀና አለች። ፀሐይ መሆን በሚገባት ቦታ አንድ የደበዘዘ ነጭ ነገር ተንጠልጥሏል። «ፀሐይ፣ ፀሐይ፣ ውጪልኝ። እንጨት አልደርቅም አለ፣ እሳት አልነድም አለ፣ ድስት አልፈላም አለ፣ እኔንም ራበኝ።»

«አልወጣም፤ ጉም ሸፍኖኛል።»

ብርቄ ወደ ጉሙ ገባች። አንድ ጊዜ ዞር ብትል ትምህርት ቤቱ የለም። ከሩቅ የእትዬ የውብዳር ድምፅ፣ «ብርቄ! ኧረ የት ነሽ ልጄ?» ይላል፤ ከየት እንደሚመጣ ግን አይታወቅም። «ጉም፣ ጉም፣ ተነሥልኝ። ፀሐይ አልወጣም አለች፣ እንጨት አልደርቅም አለ፣ እሳት አልነድም አለ፣ ድስት አልፈላም አለ፣ እኔንም ራበኝ።»

«አልነሣም፤ ነፋስ አይገፋኝም» አለ ጉሙ ጆሮዋ ሥር። የተናገረው በራሷ በብርቄ ድምፅ ነበር።

እኔ ብሆን እዚህ ላይ እመለስ ነበር፤ አላፍርም። ብርቄ ግን ወዴት ትመለስ? ድስቱ ባዶ፣ ቤቷም ባዶ። ነፋስ የሚያድረው ገደሉ ውስጥ ነውና፣ በእጇ እየዳሰሰች እየዳኸች አፋፉ ላይ ደረሰች። «ነፋስ፣ ነፋስ፣ ንፈስልኝ። ጉም አልነሣም አለ፣ ፀሐይ አልወጣም አለች፣ እንጨት አልደርቅም አለ፣ እሳት አልነድም አለ፣ ድስት አልፈላም አለ፣ እኔንም ራበኝ።»

ነፋሱ ከታች አንሾካሾከ። «አልነፍስም። አፋፉ ላይ ልጅ ተቀምጣለች፤ ከነፈስኩ ትወድቃለች።»

እውነትም ተቀምጣለች። ያች ፀጉሯ የረጠበ ልጅ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ እግሮቿን ገደሉ ላይ አንጠልጥላ። ብርቄ እንደምንም ብላ፣ «ልጅት፣ ልጅት፣ ተነሺልኝ» አለች። «ነፋስ አልነፍስም አለ፣ ጉም አልነሣም አለ፣ ፀሐይ አልወጣም አለች፣ እንጨት አልደርቅም አለ፣ እሳት አልነድም አለ፣ ድስት አልፈላም አለ፣ እኔንም ራበኝ።»

«እኔንም» አለች ልጅቷ፣ ሳትዞር። «ነገ ነይ ተብያለሁ። ነገ እስኪሆን እዚህ እጠብቃለሁ።»

«ነገማ ሩቅ ነው።»

«አውቃለሁ። ስንት ጊዜ ጠበቅሁት።»

ብርቄ ፈራች። መሮጥ አማራት። ግን ራብን ራብ ያውቀዋል። «የኔን ሳህን ውሰጂ» አለቻት። «ቀድመሽኝ ብዪ። እኔ ከተረፈሽ እበላለሁ።» ደግ ስለሆነች ቀለላት እንዳይመስላችሁ። ይህን ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ያች ሳህን የዕለት ሙሉ ተስፋዋ ነበረች።

ልጅት ተነሣች። ልጅት ስትነሣ ነፋስ ነፈሰ፣ ነፋስ ሲነፍስ ጉም ተነሣ፣ ጉም ሲነሣ ፀሐይ ወጣች፣ ፀሐይ ስትወጣ እንጨት ደረቀ፣ እንጨት ሲደርቅ እሳት ነደደ፣ እሳት ሲነድ ድስት ፈላ!

እትዬ የውብዳር እየሮጡ አፋፉ ላይ ደረሱ። «የት ሄደሽ ነው? ክው አደረግሽኝ እኮ!»

«እትዬ፣ ይህችንም ርቧታል» አለች ብርቄ።

እትዬ የውብዳር ከብርቄ ጎን ተመለከቱ። ማንም የለም። የብርቄ እጅ ግን አንድ ነገር ጨብጧል፤ ጣቶቿም ከብርድ የተነሣ ነጥተዋል። እትዬ የውብዳር የቆጠሩበትን ጣት ሽርጣቸው ውስጥ ደበቁት። «ነገ ማለቴ ክፉ ነበር» አሉ ባዶውን ቦታ እያዩ። «ዛሬ ግቢ፣ ልጄ።»

ምሳ ቀረበ። ብርቄ ሳህኗን ወደ ጎን ገፋች። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ሲያዩ፣ ንፍሮው አንድ በአንድ እያለ ጎደለ፤ ስንዴው፣ ባቄላው፣ በመጨረሻም ካሮቱ። ሳህኑ ባዶ ሲሆን እትዬ የውብዳር ድጋሚ ሞሉት፣ ብርቄም በላች። እስክትጠግብ በላች።

ያን ጊዜ ሰው ካልተቀመጠበት ከአግዳሚው ጫፍ አንድ ትንሽ ድምፅ፣ «ይጨመርልኝ» አለ።

እትዬ የውብዳር ማን እንደጠየቀ ሳያዩ ጨመሩ።

ተረቴን መልሱ፤ ድስቱን ግን አትክደኑት።