አሰግድና የሽንት ቤቱ ቁልፍ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ለማለት አትቸኩሉ፤ የዛሬው ተረቴ ላም የለበትም። ያለችበት አንዲት ነጭ ቪትዝ ናት፤ በረቷም የአዲስ አበባ መንገድ ነው። እናንተ «እሺ» በሉኝ፣ እኔ ልቀጥል።

አሰግድ የሚባል፣ በስልክ የሚጠራ ታክሲ የሚነዳ ሰው ነበር። ጨዋ ነው፤ ግን ይሉኝታ ያጠቃዋል። ያን ዕለት ጠዋት ሚስቱ «ባዶ ሆድህን አትወጣም» ብላ በሶ በጥብጣ በትልቁ ጣሳ አጠጣችው። በሶው ጥሩ በሶ ነበር። ችግሩ፣ የገባ ነገር መውጫ ይፈልጋል። ከሳሪስ ቦሌ፣ ከቦሌ ሲኤምሲ፣ ከሲኤምሲ ገርጂ፣ አንዱ ደንበኛ ሲወርድ ሌላው ሲገባ፣ አሰግድ ፋታ አጣ። ገርጂ ሲደርስ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሽንት ቤት።

ፈጣሪ ያየለት መሰለው። ቀጣዩ ጥሪ የመጣው ከአንድ ካፌ ነው። የጠሩት ደንበኛ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ይባላሉ። አሰግድ ቪትዟን ከካፌው አጥር ጥግ አስጠግቶ አቆመና ደወለላቸው።

«እናቴ፣ ደርሻለሁ።»

«መጣሁ የኔ ልጅ፣ መጣሁ! ብቻ ከቆምክበት ንቅንቅ እንዳትል። ትናንት አንዱ ጥሎኝ ሄዶ ፀሐይ ሲበላኝ ነው የዋለው።»

የዚህ ከተማ ሹፌር «መጣሁ» ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። «መጣሁ» ማለት ጫማዬን እየፈለግሁ ነው ማለት ነው። አሰግድም «እሳቸው እስኪመጡ እኔ እደርሳለሁ» ብሎ ወደ ካፌው ሮጠ። ሮጠ አልኩ እንጂ እንደዚያ ሆኖ የሚሮጥ የለም፤ ጉልበቱን አጣብቆ ተራመደ።

በሩ ላይ ያገኛት አስተናጋጇን ትርሲትን ነው። ሥራ የጀመረችው ያን ዕለት ጠዋት ስለሆነ የነገሯትን ሁሉ እንደ ዳዊት በቃሏ ይዛለች።

«እህቴ፣ የሽንት ቤቱን ቁልፍ፣ በፈጠረሽ።»

«ያለ ደረሰኝ ቁልፍ አይሰጥም» አለች። «መጀመሪያ አንድ ነገር አዝዘው ይጠቀሙ።»

ነገሩ የተጀመረው እዚህ ጋ ነው። ደረሰኝ ከሌለ ቁልፍ የለም፤ ቁልፍ ከሌለ አሰግድ የለም።

አሰግድ ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ወደ ዝናሽ ሄደ። «የኔ እመቤት፣ የፈለግሽውን ሽጪልኝና ደረሰኝ ቁረጪልኝ። ደረሰኝ ከሌለ ቁልፍ የለም፤ ቁልፍ ከሌለ እኔም የለሁም።»

«መብራት ሄዶብናል፤ ሻይም ማኪያቶም የለም። ያለው የታሸገ ውሃ ብቻ ነው» አለችና አንዱን ጠርሙስ አንስታ ፊት ለፊቱ አንቦጫቦጨችው።

«በእመቤታችን፣ አታወዛውዢው!» አለ አሰግድ። «ይሁን፣ ውሃውን ገዝቻለሁ። ደረሰኙን ብቻ!»

«ደረሰኙማ በማሽን ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ያለ መብራት አይሠራም። ጄነሬተሩን ጋሽ ባንጃው ያስነሱልህ።»

ጋሽ ባንጃው የካፌው ዘበኛ ናቸው። ጓሮ ውስጥ ጄነሬተሩን ተደግፈው ጥርሳቸውን ይፍቃሉ። አሰግድ እንደ ታቦት ተሸካሚ እየተጠነቀቀ ሄዶ ፊታቸው ቆመ።

«ጋሼ፣ ጄነሬተሩን ያስነሱልኝ! መብራት ከሌለ ደረሰኝ የለም፤ ደረሰኝ ከሌለ ቁልፍ የለም፤ ቁልፍ ከሌለ እኔም የለሁም።»

«ምን ገዶኝ፣ ላስነሳ» አሉ መፋቂያቸውን ሳያወጡ። «ግን ቤንዚን የለውም። ይሄ ማሽን እንደኔ አይደለም፣ ሳይበላ አይሠራም። ባለቤቱን ጠይቅ፤ ያው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሰው ይሰድባል።»

እውነትም አቶ ልሳነወርቅ፣ የካፌው ባለቤት፣ ግቢው ውስጥ ፒካፓቸው ላይ ተቀምጠው ጡሩንባ ይነፋሉ። አሰግድ በመስኮቱ አንገቱን አሰገገ።

«ጌታዬ፣ ቤንዚን ያምጡልን! ቤንዚን ከሌለ መብራት የለም፤ መብራት ከሌለ ደረሰኝ የለም፤ ደረሰኝ ከሌለ ቁልፍ የለም፤ ቁልፍ ከሌለ እኔም የለሁም።»

«እኔስ መቼ ጠላሁ?» አሉ አቶ ልሳነወርቅ። «ማደያው እዚህ መታጠፊያው ጋ ነው። በጀሪካን አንቀዳም ስላሉ መኪናው ሄዶ በታንኩ ይዞ መምጣት አለበት። መኪናው እንዳይሄድ ደግሞ አንድ ይሉኝታ ቢስ ቪትዙን የግቢዬ በር ላይ ገትሮት ጠፍቷል!»

የአሰግድ ደም ፈላ። ሆዱ ተወጥሮ ሳለ የሌላው ሰው ግዴለሽነት አንገበገበው። «ምን ዓይነት ስድ ነው? የሰው በር ዘግቶ የሚሄድ እናት አላሳደገችውም? ቆይ እኔ ነኝ የማስነሳው!» ብሎ እጅጌውን ሰብስቦ ወጣ።

ወጣና አያት። ነጭ ቪትዝ ናት። የጎን መስታወቷ በፕላስተር ተለጥፏል። መስኮቷ ላይ የሕፃን ልጅ ካልሲ፣ አንድ እግሩ ብቻ፣ ተንጠልጥሏል። ካልሲው የአሰግድ ልጅ ካልሲ ነው። በሩ ከአጥሩ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ተቀብቶ ስለነበር፣ በችኮላ ሲያቆም በር መሆኑን አላየም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ አሰግድ ገና ስላላፈሰሰ ተመስገን በሉ። ስድቡን ሁሉ አንድ በአንድ መልሶ ዋጠና ሞተሩን አስነሳ።

ስልኩ ጮኸ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው።

«የሞተር ድምፅ ሰማሁ! ልትሄድ ነው?»

«አይደለም እናቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ ልበል ብዬ ነው።»

«ፈቀቅ የለም! የትናንቱም ፈቀቅ ልበል ብሎ ነው በዚያው የቀረው። ብትነቃነቅ እሰርዝሃለሁ!»

አሰግድ ሞተሩን አጠፋ። ዛሬ አንድ ጥሪ ከተሰረዘበት ደንበኛ የሚያመጣለት አፕ እስከ ነገ ይዘጋበታል፤ የቀን እንጀራው ነው።

«እንግዲያው ቶሎ ይምጡልኛ!»

«መጣሁ እያልኩህ! አንዲት ነገር ጠፍታብኝ እየፈለግሁ ነው» አሉና ዘጉት።

አሁን አሰግድን እዩልኝ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ካልመጡ ቪትዟ አትነሳም፤ ቪትዟ ካልተነሳች ፒካፑ አይወጣም፤ ፒካፑ ካልወጣ ቤንዚን የለም፤ ቤንዚን ከሌለ መብራት የለም፤ መብራት ከሌለ ደረሰኝ የለም፤ ደረሰኝ ከሌለ ቁልፍ የለም፤ ቁልፍ ከሌለ አሰግድ የለም። ዓይኑን ወደ ማዶ አጥር ወረወረ። አጥሩ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ እንዲያ በማሰቡ ብቻ ደንግጦ አማተበ። ወደ ታች ሱሪውን አየ። ሚስቱ ለፋሲካ የገዛችለት አመድማ ሱሪ ነው፤ አመድማ ሱሪ ደግሞ ምስጢር አይጠብቅም። አሰግድ አልቅስ አልቅስ አለው። ጎልማሳ ሰው፣ የልጆች አባት፣ ገርጂ መሀል ላይ!

ያኔ አንድ ነገር ገባው። ካፌው ከደረሰ ጀምሮ አስተናጋጇንም፣ ገንዘብ ተቀባይዋንም፣ ዘበኛውንም፣ ባለቤቱንም ሲለምን፣ ለጠሩት ደንበኛ ግን ትንፍሽ አላለም። እናቱ የሚሆኑ ሴትዮ ናቸው፤ እንዴት ብሎ ይናገር? ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ዓይኑን ጨፍኖ ደወለ።

«እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ነውር እንዳይሆንብኝ… ሽንቴ ወጥሮኛል! መሄዴ አይደለም። መኪናዬ የካፌውን በር ዘግታለች። እርስዎ ካልመጡ ቪትዟ አትነሳም፤ ቪትዟ ካልተነሳች ፒካፑ አይወጣም፤ ፒካፑ ካልወጣ ቤንዚን የለም፤ ቤንዚን ከሌለ መብራት የለም፤ መብራት ከሌለ ደረሰኝ የለም፤ ደረሰኝ ከሌለ የሽንት ቤት ቁልፍ የለም፤ ቁልፍ ከሌለ እኔ አለቀልኝ!»



«የየትኛው ሽንት ቤት ቁልፍ?» አሉ፣ ድምፃቸው ቀነስ ብሎ።

«የካፌው።»

«አንሳት ልጄ! ቪትዟን አንሳት! ቶሎ በል፣ መብራቱንም አስመጣው!» አሉ።

መብራቱ እሳቸውን ምን እንዳገባቸው ለመጠየቅ አሰግድ ጊዜ አልነበረውም። ቪትዟ ፈቀቅ አለች፤ ፒካፑ ወጣ፤ ፒካፑ ወጥቶ ቤንዚን መጣ። እስኪመጣ ድረስ አሰግድ ሳንቲም እንደጠፋበት ሰው ግቢውን ይዞር ነበር። ቤንዚን መጥቶ ጋሽ ባንጃው ጠጡት፣ ማለቴ ጄነሬተሩን አጠጡት፤ ጄነሬተሩ አጓርቶ መብራት በራ፤ መብራት በርቶ ማሽኑ ደረሰኙን ተፋ፤ አሰግድ ደረሰኙን ነጥቆ ትርሲት ፊት ዘረጋው። ትርሲት ደረሰኙን ከላይ እስከ ታች አንብባ፣ ደስ ብሏት፣ እጇን ቁልፉ ወደሚሰቀልበት ምስማር ሰደደች።

ምስማሩ ባዶ ነው።

«ውይ!» አለች። «ለካ ቅድም አንዲት ሴትዮ ወስደውታል። እስካሁን አልመለሱም።»

አሰግድ ግድግዳውን ተደገፈ። በዚያች ቅጽበት ከጓሮ በኩል የሽንት ቤቱ በር ቀጭ ብሎ ተከፈተ። አንዲት ሻሻቸው የተንጋደደ ሴትዮ፣ በአንድ እጃቸው የወጥ ማማሰያ፣ በሌላው ቁልፍ ይዘው፣ ዓይናቸውን እያጨናበሱ ወጡ።

ልንገራችሁ። የዚያ ካፌ ሰዎች ቁልፉ እንዳይጠፋ ከማማሰያ ጋር ያስሩታል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ታክሲ ጠርተው «እስኪመጣ» ብለው ገቡና በሩን ከውስጥ በቁልፉ ቆለፉት። ከዚያ መብራት ሄደ። የአሰግድ ስልክ ሲመጣ በጨለማ ቦርሳቸውን ሲዳብሱ ክሩ ተፈታና ማማሰያው እጃቸው ላይ ቀርቶ ቁልፉ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። የስልካቸው ባትሪ ሊያልቅ ስለተቃረበ ባውዛው አልበራም አለ። «ሰው ምን ይለኛል» ብለው አልጮኹም። መብራቱ በርቶ ቁልፉን እስኪያዩት ድረስ እንዲሁ ወለሉን እየዳበሱ «መጣሁ፣ መጣሁ» ይላሉ። እሱ እዚያ በይሉኝታ ታፍኖ፣ እሳቸው እዚህ በይሉኝታ ተቆልፈው፣ በመሀል ካፌው ሁሉ ሲታመስ ዋለ።

«አሰግድ ማለት አንተ ነህ?» አሉት።

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ ማለት እርስዎ ነዎት?» አላቸው።

ሁለቱም መሬት መሬቱን አዩ። መጀመሪያ የሳቁት ግን እሳቸው ናቸው።

«እንካ ልጄ፣ ሂድ። መጣሁ አላልኩህም?»

አሰግድ ቁልፉን ነጥቆ ገባ። ስለሚቀጥለው አልተርክም፤ በሩ ተዘግቷል። ብቻ ጋሽ ባንጃው ከውጭ የሰሙት «እፎይ» ከጄነሬተሩ ድምፅ በላይ ነበር ብለው እስከ ዛሬ ይምላሉ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሄደው ቪትዟ ውስጥ ተቀመጡ። ጠበቁ። ሻሻቸውን አስተካከሉ። ጠበቁ። የተንጠለጠለችውን ካልሲ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። አሁንም ጠበቁ። በመጨረሻ በዚያችው ልታልቅ በደረሰች ባትሪ ደወሉ።

«የት ነህ ልጄ?»

«መጣሁ እናቴ፣ መጣሁ!» አለ አሰግድ ከውስጥ። «ብቻ ከተቀመጡበት ንቅንቅ እንዳይሉ!»

ተረቴም እዚህ ጋ አለቀ። አፌን በዳቦ ማበሱ ይቆያችሁ፤ ከእናንተ መሀል የካፌ ቁልፍ በቦርሳው ይዞ የመጣ ካለ፣ ሰው እየጠበቀ ነውና ቶሎ ይመልስ።