ማንደፍሮ በድምፅ ማጉያ የተናገረው

በእኛ ከተማ ሰው በሰው ላይ ክፉ ቀልድ ሲቀልድ ሽማግሌዎች ቶሎ የሚያነሷት አንዲት አባባል አለች። አባባሏ ከእኛ በፊትም ነበረች፤ እኛ ዘንድ ግን ትርጉሟ አጥንታችን ድረስ የዘለቀው በሁለት አሰልጣኞች የተነሳ ነው።

ማንደፍሮ የላይ ሰፈርን ቡድን ያሰለጥን ነበር፤ ንጋቱ ደግሞ የወንዝ ማዶን። በወጣትነታቸው አንድ ማሊያ ለብሰው ተጫውተዋል። አሰልጣኝ ከሆኑ ወዲህ ግን ግጥሚያ በመጣ ቁጥር ይተራረባሉ። ማንደፍሮ፣ "እናንተ እኮ በረኛ የላችሁም፣ በር ከፋች ነው ያላችሁ!" ይላል። ንጋቱም፣ "የእናንተ አጥቂ መረብ የሚያውቀው ዓሣ ገበያ ነው!" ብሎ ይመልሳል። ሕዝቡ ከኳሱ ይልቅ ይህን ለመስማት ይመጣ ነበር ማለት ይቻላል።

ንጋቱ ግን የማይነካ ቁስል ነበረው። በተጫዋችነቱ ዘመን፣ በአንድ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ስቷል። ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ስትበር፣ ዳር ቆመው ያዩ የነበሩት አባቱ አቶ ባንጃው ደረታቸውን ይዘው ወደቁ፤ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አረፉ። የልብ ሕመምተኛ እንደነበሩ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ንጋቱ ግን ከዚያ በኋላ ለውድድር ኳስ መትቶ አያውቅም። የአባቱን አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ ማንደፍሮ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ሁለቱ ቡድኖች ለከተማው ዋንጫ ደረሱ። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ማንደፍሮ ድምፅ ማጉያውን ከሜዳ ጠባቂው ከጋሽ ዘውገ እጅ ተቀበለና፣

"የወንዝ ማዶ ልጆች! አባቱን በአንድ ሪጎሬ የገደለ ሰው እናንተንማ እንዴት ያተርፋችኋል?" አለ።

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ንጋቱ የጫማውን ክር የሚያስር መስሎ እንዳጎነበሰ ቀረ። እናቱ ከተመልካቹ መሐል ነበሩ፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ወጡ። ላይ ሰፈር ሁለት ለባዶ አሸነፈ፤ ማንደፍሮም ዋንጫውን ተሸክሞ ከተማውን ዞረ።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። የላይ ሰፈር ቡድን ደጋፊ አጥቶ ፈረሰ። ማንደፍሮ የቀሩትን ሰባት ተጫዋቾች አስከትሎ፣ ጋሽ ዘውገንም አማላጅ ይዞ፣ ወንዝ ማዶ የልምምድ ሜዳ ሄደ።

"ንጋቱ ወንድሜ፣ ልጆቹ ሊበተኑብኝ ነው፤ ተቀበልልኝ። እኔንም ረዳት አድርገኝና እንደ ድሯችን አብረን እንሥራ።"

ንጋቱ ልጆቹን አንድ በአንድ አያቸው። "ከነገ ጀምሮ ይምጡ፤ ከራሴ ልጆች አልለያቸውም" አለ። ከዚያ ወደ ማንደፍሮ ዞሮ፣ "አንተ ግን አትምጣ።"

ማንደፍሮ ከልቡ ግራ ገባው። "ምን አድርጌህ?"

"እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ሜዳ ሳትረግጥ ሞተች።"

"ከየትኛው ቀን?"

ንጋቱ ጀርባውን ሰጥቶት ወደ ልጆቹ ሄደ።

"ጋሽ ዘውገ፣ የቱን ቀን ነው የሚለው? እግዜር ያውቃል፣ ምንም አላስታውስም!"

ሽማግሌው ያን ቀን የተናገረውን ቃል በቃል ነገሩት። ማንደፍሮ ሊስቅ ከንፈሩን ከፈተ፤ ሳቁ ግን አልመጣለትም።

"እሱ እኮ... ጨዋታ ነበር" አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። "ሰው ሁሉ ስቋል።"

"እኔም ስቄያለሁ፤ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ። ድምፅ ማጉያውን የሰጠሁህም እኔው ነኝ" አሉ ጋሽ ዘውገ። ከሜዳው ወዲያ ንጋቱ አዲሶቹን ልጆች ስማቸውን እየጠየቀ ይጨብጣቸው ነበር። ሽማግሌው እሱን እሱን እያዩ፣ "ምን ታደርገዋለህ ልጄ፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ" አሉ።