የእንግዳዋ ቀብር

በአንዲት ጥንታዊ የነጋዴ ከተማ ሸኽ ቡሽራ የሚባሉ ዓሊም ነበሩ። በከተማዋ ቀብር የሚቆፍሩት ሦስቱ ሰፈሮች በተራ ነበር። ተራው ግን ሁልጊዜ የሌላው ነው! «ባለፈው እኛ ቆፍረናል፣ አሁን እናንተ» ሲባባሉ ጀናዛው ፀሐይ ላይ ይውላል። ሰዉ ሰለቸውና ሥራውን ሐጂ ዘይኑ ለሚባሉ ነጋዴ በውል ሰጠ። ውሉን አርቅቀው ማኅተም ያሳረፉበት ሸኽ ቡሽራ ናቸው።

እውነት ለመናገር ሐጂ ዘይኑ አላሳፈሩም። ቅጥረኞቻቸው ገና ሳይጠሩ ይደርሳሉ፤ ቀብሩም ያማረ ነው። ሰዉ ዶማውን ሰቅሎ ተገላገለ።

አንድ ቀን ኑርዬ የሚባል መንገደኛ ግመል ነጂ ሚስቱ በመስጂዱ የእንግዳ ማረፊያ ሞተችበት። ታጥባ፣ ተከፍና፣ ተሰግዶባትም ቆፋሪ ጠፋ። ቅጥረኞቹ «ከየትኛው ሰፈር ናት?» ብለው ጠየቁና ተመለሱ። የመስጂዱ ጎረቤትም «ውል የገባ ሰው አለ አይደል እንዴ?» እያለ ወደ ገበያው ሄደ። የከሰዓት በኋላው የአሱር ሶላት ሲቃረብ ኑርዬ እያለቀሰ ሸኹ ዘንድ መጣ።

«ሸኻችን፣ ከጧት ጀምሮ ጀናዛዋ ተጋድሟል። ስለ አላህ ብለው፣ ሚስቴ አፈር እንኳ ትጣ?»

ሐጂ ዘይኑ ተጠሩ። ደንግጠዋል።

«ወሏሂ፣ ክፋት የለብኝም። ውሉ የሚለው የሦስቱን ሰፈር ሰው ነው። ያረቀቁትም እርስዎ ነዎት።»

ሰዉ ሸኹ ይቆጣሉ ብሎ ጠበቀ።

«እውነትዎን ነው» አሉ ሸኹ። «እንግዳውን የረሳሁት እኔ ነኝ። አውፍ በሉኝ።»

ይህን ብለው ዶማ ተዋሱና ወደ መቃብሩ ወጡ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ጥቂት እንደቆፈሩ ትንፋሽ አጠራቸው። ያኔ ሐጂ ዘይኑ ኩታቸውን ጥለው ዶማውን ተቀበሏቸው። የሰፈሩም ሰው እያፈረ መጣ። ኑርዬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሚስቱን ቀበረ።

«እንግዲያስ ውሉ ይፍረስ?» ብለው ሰዎቹ ሸኹን ጠየቋቸው።

«ለምን ይፈርሳል? እንግዳውን እንጨምርበታለን። ግን ስሙኝ፤ ቁፋሮውን የሚቀበለን ሰው አለ፣ ተጠያቂነቱን የሚቀበለን የለም» አሉ።

ዑለሞቻችን ቀብር ፈርድ ኪፋያ ነው ይላሉ፤ ጥቂቶች ከፈጸሙት ከሁሉም ላይ ይወርዳል፣ ማንም ካልፈጸመው ወንጀሉ የሁሉም ነው። ሐጂ ዘይኑ ውላቸውን አላፈረሱም። ሸኹም ጥፋታቸውን በሰው ፊት አምነዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ወደ ገበያ የሄደው ጎረቤት ነው። ውሉ ላይ ስሙ የለም፤ ጀናዛዋን ግን አይቶ ነው ያለፈው።