ትከሻውን የሸበበው የማሲንቆ ፈታኝ

አንድ ንጉሥ ነበር፤ ጆሮው ቀጭን፣ ትዕግሥቱ ከጆሮው የቀጠነ። የሴት ልጁን ሠርግ አንድ ያልሠለጠነ ማሲንቆ መቺ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ እያሰኘ ቢያበላሽበት፣ በማግስቱ አዋጅ አስነገረ። ከእንግዲህ ማሲንቆ መምታት የሚሻ ሁሉ በየደረጃው ይፈተን። አንደኛው ደረጃ ጭራ መወጠርና ድምፅ ማቃናት ነው። ከዚያ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ ለእያንዳንዱ ቅኝት አንድ ደረጃ። ስድስተኛው እየመቱ መዝፈን ነው። ሰባተኛው ደግሞ ሁሉንም ባንድ ቁጭታ፣ ሳይሳሳቱ። ሰባተኛውን ያላለፈ ሰው ከገዛ ደጃፉ ወጥቶ በሠርግም በማኅበርም እንዳይመታ ተከለከለ።

እውነቱን ለመናገር አዋጁ ክፉ አልነበረም። ስንቱ እጀ ድንጋይ ሠርግ ቤት እየገባ የሰው ጥርስ ሲያስፋጭ ኖሯል! ክፋቱ የመጣው ከፈታኙ ደንብ ነው። ያዳላል እንዳይባል ፈታኙ እንዳይናገር፣ እንዳይስቅ፣ ራሱን እንዳይነቀንቅ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ትከሻው እንዳይነቃነቅ ታዘዘ። ትከሻው የተነቃነቀ ፈታኝ ከወንበሩ ይነሣል።

ለዚህ ወንበር አለቃ ደምለው ተመረጠ። በጉብዝናው ጊዜ ማሲንቆ ሲይዝ የታመመ ከአልጋው ያስነሣ የነበረ ሰው ነው። ወንበሩ ላይ ከተሰየመ ወዲህ ግን ፊቱ የከረመ ቂጣ መሰለ። አገሩም ልቡ የደነደነውን ሰው ሁሉ "የደምለው ትከሻ" ይለው ጀመር። አለቃ ይህን ሲሰማ፣ ስድብ መሆኑ ጠፍቶት፣ ይኮራበት ነበር።

በዚያው አገር አንጓች የምትባል ልጅ ነበረች። ማሲንቆ የወንድ ነው ቢባልም፣ አባቷ የወንድ ልጁ የይታየው እጅ እንደ ማገዶ ደርቆ ቢያስቸግረው ማሲንቆውን ለሷ ሰጣት። ይታየው አልተቀየመም። እንዲያውም "እኔ ሳገባ እህቴ ካልመታችልኝ ሙሽራ አልሆንም" ብሎ ማለ። ወንድ ልጅ ሲምል ያስባል ያላችሁ ማን ነው? ይኸው ጥር ገባ፣ ድግሱ ተጠነሰሰ፣ የሙሽራይቱም አባት "የምትወስዱ ከሆነ ውሰዱ፤ ልጄን የሚጠይቅ ሰው ሞልቷል" ማለት ጀመረ። አንጓች ስድስቱን ደረጃ እንደ ደረቅ ወንዝ ተሻግራዋለች። ሰባተኛው ላይ ግን ወደቀች፤ ደግማም ወደቀች።

እጇ ስቶ አይደለም። ማሲንቆ መቺ ዘፍኖ ዘፍኖ አንድ ቦታ ላይ ጋብ ይላል። ያኔ ከተቀመጠው ሰው አንዱ "ተቀበል!" ብሎ ስንኝ ይወረውራል፤ መቺውም ያንን ይዞ በማሲንቆው ያዜመዋል። ምስጋናውም፣ ሽሙጡም፣ ሣቁም የሚመጣው በዚያ ነው። አንጓችም አባቷ እንዳስተማራት ጋብ ብላ ጠበቀች። ፈታኙ ዝም። እሷም ዝም። "መሀል ላይ አቆመች" ተባለና ወደቀች።

ሌሎቹ ብልጦች ነበሩ። ስንኛቸውን ከቤታቸው ሸምድደው ይመጡና ትንፋሽ ሳይወስዱ ጨርሰው ይወጣሉ። ባለ ሰባተኛ ደረጃ ተብለው ሠርግ ቤት ሲገቡ ግን ጉድ ፈላ። ከድንኳኑ አንዱ ሞቅ ብሎት "ተቀበል!" ሲል፣ መቺው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ "እሱ በፈተናው የለም፣ ጌታዬ" ይላል። ሠርግ ከለቅሶ የሚለየው በሙሽራዋ ልብስ ብቻ ሆነ። ንጉሡ ይህን ሲሰማ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ስምንተኛ ደረጃ እንጨምር ይሆን?"

አንጓች እንደገና የምትፈተንበት ቀን ደረሰ። እናቷ ነጠላዋን እያስተካከለችላት፣

"ልጄ፣ ለዛሬ ብቻ እንደ ሰው ሁኚ" አለቻት።

"እንደ የትኛው ሰው?"

"አፍሽን ያዢ! ሳታቆሚ መትተሽ ውጪ ነው የምልሽ። የወንድምሽን ትዳር በአንድ ጭራ ታፈርሺው?"

"እሺ፣ አላቆምም።"

"በኔ ሞት በይ።"

"በአንቺ ሞት፣ እማዬ።"

ከፈተናው አዳራሽ ስትገባ አለቃ ደምለው ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ ተቀምጧል። እጅ ነሣች፤ አጸፋ የለም። በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ጀመረች። ትዝታው እንደ ማር ወረደ። በባቲው የበረኛው አንገት ከትእዛዝ ውጭ ሄደ። አምባሰሉን መትታ አንቺ ሆዬ ላይ ስትደርስ፣ ጋብ የሚባልበትን ቦታ ጥርሷን ነክሳ ዘለለችው። ምራቅ እንደ መዋጥ ነበር፤ መራራ ምራቅ። ግን ትንሽ ነው የቀራት። አንዲት ዙር ብትጨርስ ወንድሟ ሙሽራ ነው።

ያኔ ዓይኗ ወደ ታች ወረደ። ከጋቢው ጫፍ ሥር የአለቃ ደምለው የእግሩ አውራ ጣት ብቅ ብሏል። ብቅ ማለት ብቻ አይደለም፤ ይጨፍራል! ደንቡ ስለ ትከሻ፣ ስለ ራስ፣ ስለ ከንፈር ተናገረ እንጂ ስለ እግር ጣት ያለው ነገር የለም። አካሉ ሁሉ የተከለከለውን ምስኪን ጣቱ ብቻውን ይጨፍርለታል።

አንጓች ሣቋ መጣ። መሐላዋ ከሣቋ ጋር ቢታገል ተጣለ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

"ትከሻው ዳኛ ነው አይነቃነቅም፣
ጣቱ ግን ሚዜ ነው ከሠርግ አይቀርም!"

ብላ ደጋኗን ከጭራው አነሣችና ጋብ አለች። ፊቱን እያየች ጠበቀች።

ከበሩ ውጭ ጆሮዋን የደቀነችው እናቷ "ወይኔ ልጄን፣ አቆመች!" ብላ ደረቷን ያዘች።

አለቃ ደምለው ጎንበስ ብሎ ጣቱን አየው። ጣቱ አላፈረም፤ ማሲንቆው ቆሞ እንኳ ይጨፍራል። ወደ አንጓች ቀና አለ። አፉ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ተከፈተ። የወጣው ድምፅ የዛገ ቁልፍ ሲዞር ይመስል ነበር።

"ተ... ተቀበይ!"

"አቤት አለቃ፣ ይስጡኝ!"

"ሰባት በር ዘጋሁኝ ሣቅ እንዳይገባ፣
በእግሬ ጣት በኩል ገባ እንደ ሌባ!"

አንጓች ስንኙን ከአፉ ቀልባ በማሲንቆዋ ስትመልሰው፣ ያ ተረት የወጣለት ትከሻ መጀመሪያ ግራው፣ ቀጥሎ ቀኙ፣ ከዚያ ሁለቱም ተያይዘው ተነሡ። ጋቢው ወደቀ። በረኛው በሩን ለቀቀ። ተራ የሚጠብቁት ተፈታኞች ተግተልትለው ገቡ፤ ሁሉም "ተቀበይ!" ባይ ሆነ። እናቷም "በኔ ሞት ብላ ነበር፣ ገደለችኝ!" እያለች ከሁሉ ቀድማ መሀል ገብታ እስክስታ ትወርዳለች።

ጩኸቱ ከቤተ መንግሥቱ ደረሰና ንጉሡ ራሱ መጣ። ሁሉም ባለበት ደረቀ።

"ደምለው፣ ትከሻህ ተነቃነቀ አሉኝ።"

"ተነቃነቀ፣ ጃንሆይ። ከወንበሩም ተነሥቻለሁ፤ ይኸው ቆሜያለሁ።"

"ልጅቷስ? አቁማለችና ወደቀች?"

"የወደቅሁስ እኔ ነኝ፣ ጃንሆይ። ማሲንቆ ግማሹ በመቺው እጅ ነው፣ ግማሹ በሰሚው አፍ። እኔ የራሴን ግማሽ ጋቢ ውስጥ ደብቄ፣ የሰውን ልጅ ጎደልክ እያልኩ ስጥል ኖርኩ።"

ንጉሡ ጢሙን አሻሸ። አንጓች ማሲንቆዋን አቅፋ ቆማለች። ከንጉሡ አፍ በሚወጣው ቃል ላይ የወንድሟ ሠርግ ተንጠልጥሏል።

"እኔስ ብወረውርልሽ ትቀበያለሽ?" አላት።

"ስንኝ ከሆነ እቀበላለሁ፣ ጃንሆይ። አዋጅ ከሆነ ግን በቅቶናል።"

ንጉሡ ሣቁን በጢሙ ውስጥ ሸሸገና ደረቱን ነፋ።

"ተቀበይ! እኔ ነኝ ንጉሡ አገር የሚፈራኝ፣"

ሁለተኛው ስንኝ እምቢ አለው። ወደ ጣሪያው ቢያይ የለም፤ ወደ ሹማምንቱ ቢዞር እነሱም አንገታቸውን ደፉ። አንጓች ጭራውን ሳብ አድርጋ አሟላችለት፦

"ስንኝ ብቻ ደፍሮ መንገድ ላይ ጣለኝ!"

ንጉሡ እንዳይወድቅበት ዘውዱን በሁለት እጁ ይዞ ሣቀ። ያን ዕለት ንጉሥ ሲስቅ ድምፁ እንደ ማንም ሰው መሆኑን አገሩ አወቀ።

ደረጃዎቹን አላፈረሰም። ሲጢጥ የሚያደርግ እጅ ዛሬም ከአንደኛው ደረጃ አያልፍም፤ ይበለው። ሰባተኛው ፈተና ግን ሰው በሞላበት እንዲሆን ታዘዘ። ተፈታኙ ጋብ ሲል ስንኝ ያልወረወረ ፈታኝ ከወንበሩ ይነሣል ተባለ። አለቃ ደምለው ወንበሩን መልሶ አገኘ፤ ብዙ ግን አይቀመጥበትም። ይታየውም በዚያው ሳምንት ሙሽራ ሆነ። እህቱ ስትመታለት ያ ሲያስፈራራ የከረመው አማቱ ስንኝ ሲወረውር አድሮ ድምፁ ተዘጋ፤ በማግስቱ ልጁን የመረቀው በምልክት ነው።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። መለካት ክፉ አይደለም፤ የማይለካ እጅ አገር ያደነቁራል። ነገር ግን ለሰው የተሠራ ሥራ ያለ ሰው መልስ ሙሉ አይሆንም። ፊቱን ያጠቆረ ሁሉ ያላዳላ ይመስለዋል። ደስታውን የሰሰተ ሰው ግን ያዳላው ለኩራቱ ነው። ልጁ ጎበዝ ሆኖለት "እንዳይኮራ" ብሎ ዝም የሚል አባት፣ ተማሪው በልጦት የሚያኮርፍ አስተማሪ፣ በልቶ ጠግቦ "ጨው በዛ" ብቻ የሚል ባል፣ ሁሉም የዚያ ወንበር ዘመዶች ናቸው።

እስቲ ዛሬ ማን ነው መልካም ሠርቶ ፊታችሁን እያየ የቆመው? ደስ ካላችሁ ደስ አለን በሉት፤ አሁን፣ ጆሮው ሳለ። ሰው ለሬሳ ያማረ ምስጋና ሲደረድር ብዙ አይቻለሁ፤ አንድም ሬሳ ቀና ብሎ እግዜር ይስጥልኝ ሲል አላየሁም።